ዓሣውና ማተቡ



ከሲራ ገበያ የመጣ ዓሣ ሳትፍቁ የምትውሉበት ቀን ጥቂት ነው። ይኸው ዓሣ ግን የጥንት ክርስቲያኖች ምልክት ነበር። በጽርእ ቋንቋ ዓሣ «ኢክቱስ» ይባላል። አምስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው የአንድ ቃል መነሻ ሆነው ሲነበቡ «ኢየሱስ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ፣ መድኃኒት» ይላሉ። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ምእመናን በማኅተም ቀለበታቸው ላይ ርግብ፣ ዓሣ፣ መርከብ፣ በገና ወይም መልሕቅ እንዲያስቀርጹ መክሯል። እንዲህ ያለውን ሥዕል አሕዛብም ይይዙት ስለ ነበር፣ ለሚያውቀው ይናገራል፤ ለማያውቀው ዝም ይላል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ አንዳንዶቹ «እመቤቴ ማተቤን በጥሺ አለችኝ፤ ምን ላድርግ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ማተቧን የፈታችውን እኅት «ካደች» ብላችሁ ሰላምታ ነፍጋችኋታል። በዚህ አንስማማም።

በሮም ስደት ሳለ ክርስቲያኑ ዓሣ ቀረጸ። በ4ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ንጉሥ ኢዛና መስቀልን በገንዘቡ ላይ በግልጽ አተመ። እምነቱ አንድ ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። በዚያው መቶ ዓመት የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ የላከው ቴዎፍሎስ እዚሁ ኤደን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራ ፊሎስቶርጊዮስ ጽፏል። እዚሁ ኤደን ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2016 በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ 4 መነኮሳት ከሌሎች 12 ሰዎች ጋር ተገድለዋል፤ ከሟቾቹ መካከል ወገኖቻችን ነበሩ። ስለዚህ ፍርሃቱ የወሬ አይደለም።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ለደኅንነቷ ማተቧን ከልብሷ በታች ያደረገች ወይም ፈትታ በሻንጣዋ ያኖረች አልካደችም። በግንባሯ የመስቀል ንቅሳት ያላትም በሻሽ ብትሸፍነው ጥምቀቷ አይሸፈንም። መካድ በልብና በአፍ ነው። የምትችል ግን ትሰር፤ ማንም አይከልክላት።

ሌላም አለ። ማተብ አስሮ፣ በእግዚአብሔር ስም ምሎ፣ የእኅቱን የወራት ደመወዝ በልቶ የጠፋ ደላላ ስንቶቻችሁን አስለቅሷል? ክሩን አይታችሁ አመናችሁት። ምልክት ለወንድም መታወቂያ እንደሚሆን ሁሉ ለአታላይም መጋረጃ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባችሁንና ፓስፖርታችሁን ለአንገት ክር አትስጡ፤ ሥራውን ለምታውቁት ሰው ብቻ እንጂ።

የታመመችውን የጠየቀች፣ ከቤት የተባረረችውን ያስጠጋች፣ ስልክ ለሌላት ስልኳን ያዋሰች እኅት ማተቧ ባይታይም ባለ ማተብ ናት። ነገ ዓሣውን ስትፍቁ ይህን አስቡ፤ ያቺን ሰላምታ የነፈጋችኋትንም ጠይቋት።

የአባቶቻችን አምላክ በሰላም ወደ አገራችን ይመልሰን። አሜን።