ከአንቀጽ 2 እንጀምር

የስልክና የሞባይል አገልግሎት ሕግ በወጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ቅጣቱና ወደ ክፍያው ሲቸኩል፣ ትርጓሜ የተሰኘው አንቀጽ 2 ሳይመረመር ስለሚታለፍ፣ ይህን እትም ለእርሱ ሰጥተናል። የትርጓሜን ክብደት ለማሳየት ያህል፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀልነት በደነገገ ጊዜ፣ በባዕድ አገር ካለ ልጁ ጋር በኮምፒዩተር የሚነጋገር አባት ጥፋተኛ ይሆን እንደ ሆነ ብዙዎች በሥጋት መጠየቃቸው አይዘነጋም፤ በእኔ አስተያየት ዜጋን እንዲህ ላለ ጭንቀት የሚዳርግ ሕግ፣ ዓላማው ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ምሉእ ሊባል አይገባውም። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሞ ገበያውን ለሌሎች ኦፕሬተሮች ከከፈተ ወዲህ ደግሞ፣ የፈቃድ ግዴታ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚለየው ይኸው ትርጓሜ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊዎቻችን ሐተታቸውን ከዚያ ጀምረዋል።