ሀዋላው ደርሷል፤ ሰውስ?



ከላሊበላና ከላስታ ደጋ ጀምሮ እስከ ወልድያ ድረስ ልጅ ወይም ዘመድ ዐረብ አገር የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ስለ ስደቱ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ዛሬ የማነሳው ግን ብዙም ያልተወራለትን ጉዳይ ነው፦ ልጆቿ ባሕር ማዶ ሳሉ ካንሰር ታማ ኬሞ የጀመረችን እናት ማን ያስታምማት?

በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው፤ ቀጥሎ የማኅፀን በር ካንሰር ይመጣል። እስቲ አንዲት የላስታ እናት እናስብ። ጂዳ ያለችው ልጇ ደመወዟን ሳትነካ ትልካለች፣ ሪያድ ያለው ወንድሟ ተበድሮ ይጨምራል። እናት ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ወልድያ፣ ከወልድያ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ደሴ ትገባለች፤ ሲብስም ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ትላካለች። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይሰጣትና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጆቹ «አልሐምዱሊላህ፣ ታከመች» ብለው እፎይ ይላሉ። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ግን ገና ከዚያ በኋላ ነው።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ገንዘቡ መድኃኒቱን ይገዛል፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች የሚያሳልፋት ግን አጠገቧ ያለ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በከተማ ያለን እኛ ወጣቶች መሆን አለብን።

ልጆቹን «ለምን አልመጡም?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። በቤት ሠራተኝነት የሄደች እህታችን ግን በከፋላ ሥርዓት የታሰረች ናት፤ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ መውጣት ሊከብዳት ይችላል። ያለ ወረቀት ያለው ወንድም ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ የእናቱ መታከሚያም አብሮ ይቆማል። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ስንት ቤት ገቢው በአንድ ጊዜ እንደተቋረጠ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ስለዚህ ሩቅ ያለው የሚችለውን እያደረገ ነው። ጥያቄው ቅርብ ላለነው ነው።

«በስልክ እንከታተላለን» የሚባለውም አያስተማምንም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የዐረብ አገር ልጅ የእናቷን ድምፅ መስማት ብርቅ ሆኖባት ነበር። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው ጎረቤት ብቻ ነው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ምን አደርጋለሁ?» የምትል ወንድሜ፣ የምትዪ እህቴ፣ የሚፈለገው ሕክምና ሳይሆን ንቃት ነው።

አንደኛና ዋነኛው ትኩሳት ነው። ኬሞ የካንሰሩን ሕዋስ ሲመታ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስም አብሮ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ በጣም የሚቀንሰው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካየህ «ምች ነው፣ ያድራል» አይባልም። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መወሰድና «ኬሞ ላይ ናት» መባል አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትር፣ የሕክምና ወረቀቷን በአንድ ፌስታል ማስቀመጥና የባለመኪና ስልክ ቁጥር ነው። የመኪናውን ገንዘብ ለማግኘት ሀዋላ መጠበቅ የለበትም፤ ልጆቹ አስቀድመው ለድንገተኛ ብለው ቢያስቀምጡ ይሻላል።

ሁለተኛው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። የታዘዘው ክኒን በሰዓቱ የሚወሰድ ነው፤ ትውከቱ እስኪመጣ አይጠበቅም። ማንበብ ለማትችል እናት ሰዓቱን የሚያስታውሳት ሰው ያስፈልጋታል። ምግቡም ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት ወደ ሐኪም ነው።

ሦስተኛው የአፍ ቁስል ነው። ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ በርበሬውን ትቶ አጥሚትና ሾርባ ማቅረብ ያግዛል። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ግን ይቅር።

ፀጉሯም ይረግፋል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ ይጀምራል፣ ሕክምናው ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ከሌለ ጠዋት ትራሷ ላይ ስታየው የመጨረሻዋ የደረሰ ይመስላታል።

ዚያራችንም ይስተካከል። የታመመን መጠየቅ ትልቅ አጅር ያለው ሥራ ነው። ሆኖም ጉንፋን የያዘው ሰው ከደጅ ሰላም ብሎ ይመለስ፤ ሌላውም እጁን ታጥቦ ይግባ፣ ቤቱንም አናጨናንቅ። ካንሰር ደግሞ አይተላለፍም፤ ዕቃዋን የሚለይባት ጎረቤት ካለ ይነገረው። ኬሞ ከወሰደች በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ትውከትና ሽንት የነካውን ልብስ በጓንት ማጠብ ግን ያስፈልጋል፤ ይህም ከበሽታው ሳይሆን ከመድኃኒቱ ለመጠንቀቅ ነው።

ከጂዳ የሚላከው ዘምዘም፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ በፍቅር የተላከ ነው። ግን ከኬሞ ጋር የሚጋጩ ዘይቶችና ቅጠሎች ስላሉ ሐኪሟ ይወቀው። የኬሞው ቀጠሮ በነሱ አይተካም። ረመዳን ሲገባም «እንዴት ልብላ?» ብላ የምታፍር እናት አትጠፋም። ቁርኣን ለታመመ ሰው ፆምን ያገራ መሆኑን ኡስታዝ ወይም ዓሊም ቤቷ ድረስ መጥቶ ቢነግራት ከጭንቀቷ ትገላገላለች።

«የሰው ቤት ገብቼ ሴት ላስታምም?» ለሚል ወንድም፣ ሥራው ይከፈላል። ከሰውነቷ ጋር የተያያዘውን እህቶች ይያዙት። መኪና መፈለግ፣ ፋርማሲ መዞር፣ ወረፋ መያዝ፣ ደም መለገስ፣ ከልጆቿ ጋር ማገናኘት ያንተ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከላስታ የመጣን ታማሚ ከመናኸሪያ ተቀበሉ፣ የቀጠሮ ቀን አብራችሁ ዋሉ። አቶ ወንዱ በቀለ በልጃቸው ስም ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ከክልል ለሚመጡ አቅመ ደካሞች ማረፊያ አለው፤ እንዲህ ያለውን ማጠያየቅም እገዛ ነው።

ባሕር ማዶ ላላችሁም አንድ ቃል፦ ሁላችሁም በየተራ እየደወላችሁ ትእዛዝ ከምትሰጡ፣ እዚህ ካለው አንድ ሰው ጋር ተነጋገሩና እሱን እመኑት። ለእናታችሁ ስትደውሉ ደግሞ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ እሷ ጠይቁ።

እንግዲህ ዛሬ በሰፈራችሁ ኬሞ ላይ ያለ፣ ልጆቹም ሩቅ ያሉ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ካለ ሂዱና ስልካችሁን ስጡት፤ «በሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ» በሉት። ሲደወልም አንሱ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለራቁት በሰላም መመለሱን፣ ለቀረብነው ደግሞ ብርታቱን ይስጠን። አሚን!