ዳር ያላችሁት መሐል ነው

«ባሕር በሌለበት አገር፣ ሐይቅ እንኳ በማይታይባት ፎንቆ ተቀምጠህ ስለ ዓሣ ምን አገባህ?» የሚለኝ ወዳጅ አላጣም። እውነት አለው። እኛ ሐዲያዎች ለክቡር እንግዳ አተካና እንጂ ዓሣ አናቀርብም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገሪቱም የባሕር ዳርቻ የላትም፤ በምጽዋና በአሰብ መረብ ሲጣል ያየው ወገናችን ዛሬ ጠጉሩ ሸብቷል። ሆኖም ባሕር ባይኖረንም ፋብሪካና እርሻ የተሰለፈበት የውሃ ዳርቻ አለን። እዚያው ዳርቻ ላይ ዓሣ አስጋሪም አለን። የእኔ ጠብ ከፋብሪካው ጋር አይደለም። ጠቤ ሁለቱንም ከሰማይ አይቶ አንዱን ብቻ ከሚቆጥረው ዓይን ጋር ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስብሰባ ላይ ነው። የጠሪውን መሥሪያ ቤት ስም ማንሳት አያስፈልግም። መብራት ጠፋ፣ ፕሮጀክተር በራ፣ ከሳተላይት የተነሳ የዝዋይ ሐይቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ወጣ። ድፍርሱ ውሃ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ተኝቷል፤ በምዕራብ በኩል የአበባ እርሻዎቹ የላስቲክ ቤቶች እንደ ተሰጣ ነጠላ ነጭ ሆነው ተዘርግተዋል። አስረጂው ባለሙያ በቀይ ብርሃን እየጠቆመ «ከዚህ እስከዚህ ያለው ዳርቻ ነፃ ነው፤ እንደምታዩት ምንም የለበትም» አለ። አዳራሹ በሙሉ አየ። እኔም አየሁ። በእርግጥም ምንም አይታይም ነበር።

እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለስንቱ ልጅ «ሰማያዊው ውሃ ነው፤ መስመሩ ዳርቻ ነው» ብያለሁ። መስመር ደግሞ ስፋት የለውም። ስፋት በሌለው ነገር ላይ ሰው አይኖርም፣ ዓሣ አይራባም፣ መረብ አይጣልም። ማን ያውቃል፣ ያ ባለሙያ እንደ እኔ ያለ መምህር ያፈራው ይሆናል። ያን ዕለት እጄን አውጥቼ መናገር ሲገባኝ ዝም ብዬ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ዕዳ ክፍያ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ከተማ ሄድኩ። ልጅቷ የምትሠራው ከአበባ እርሻዎቹ በአንዱ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ወደዚያ የወረደው ወጣት ስንት እንደሆነ ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «አበባው ይነቀል» የሚል ሰው በመጀመሪያ የሚነቅለው የእኔን ቤተሰብ እንጀራ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ነገሬን ማንም እንዳያጣምብኝ ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። መረቡን ከጀልባ የሚያወርድ ወጣት አገኘሁና «ዓሣ የሚገኘው የቱ ጋ ነው?» አልኩት። ወደ ውሃው የሚጠቁመኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ወደ የብሱ ጠቆመ።

«ጋሼ፣ ድሮ አባቴ የሚጥለው እዚያ ማዶ የነበረው ግራር ከኮረብታው ጫፍ ጋር ሲገጥምለት ነበር። ግራሩ ሄደ። አሁን የላስቲኩ ማዕዘን ነው ግራራችን።»

እንግዲህ አስቡት። የዓሣ ማጥመጃ ቦታ ውሃው ላይ ምልክት የለውም። ምልክቱ የብስ ላይ ነው፤ ሁለት ነገሮች በዓይን ሲገጥሙ ነው ቦታው የሚታወቀው። ይህን የመሰለ ዕውቀት ካርታ ላይ አልሰፈረም፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ አንድ ዛፍ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ አድራሻም ይጠፋል። ያ ወጣት ግን በላስቲኩ ማዕዘን አዲስ አድራሻ አበጅቷል። እሱ ላስቲኩን በካርታው ውስጥ አስገብቶታል፤ የላስቲኩ ካርታ ግን እሱን አላስገባውም። የክርክሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የሰው ቢቀር የዓሣውን እንይ። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ የሚራባው በዳሩ ነው፤ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ጭቃና አሸዋውን ጭሮ ጎጆ ይቆፍራል፣ ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ የሚሸሸጉት በደንገልና በፊላው ሥር ነው። ከሰማይ ሲታይ ይህ ሁሉ ቀጭን አረንጓዴ ክር ነው። ለካርታ ዳር የሆነው ለዓሣ መሐል ነው፤ የማሕፀኑም ቦታ፣ የጓዳውም ቦታ እዚያው ነው። ክሩን ለአንዱ የሚሰጥ ሰው «ሐይቁን አልነካሁም» ቢል ጓዳውን አፍርሶ «ሳሎኑን አልነካሁም» እንዳለ ይቆጠራል።

ከላይ የሚያየው ዓይን በቀለምም ይታለላል። በ1952 ዓ.ም. ሥራው የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ውሃ አንዳንድ ወቅት ከላይ ሲታይ የለመለመ መስክ ይመስላል። ልምላሜው ግን በደቂቅ የውሃ ተሐዋስያን መፈልፈል የመጣ ነው፤ ከእነሱም መካከል መርዝ የሚያመነጩ አሉ። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተሞች ቆሻሻ ይመግባቸዋል። የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ የሚገባው ወደዚያው ነው። በተቃራኒው ሰማያዊ ውሃም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በጃፓን የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ወደ ባሕር ሲለቅ ውሃው ከላይ ሲያዩት ባሕር እንጂ መርዝ አይመስልም ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. በሽታው በይፋ ሲታወቅ ቀድመው የወደቁት እዚያው አጥምደው እዚያው የሚበሉት ዓሣ አስጋሪዎችና ቤተሰቦቻቸው፣ ድመቶቻቸውም ጭምር ነበሩ። የባሕሩን ሕመም ያወቁት ከሰማይ አይተው ሳይሆን በገዛ አካላቸው ነበር።

ታዲያ የሰማዩን ዓይን እናውጣው ማለቴ ነው? አይደለም። ዓይኑ ራሱ ሐሰተኛ አይደለም፤ ሐሰቱ ያለው አንድ ቀን ብቻ አይቶ በሚፈርደው ዘንድ ነው። የመጀመሪያዋ የላንድሳት ሳተላይት የተተኮሰችው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። በአጋጣሚ ያ ዕለት የጃንሆይ 80ኛ የልደት ቀን ነበር፤ አዲስ አበባ በዓል ስታከብር ሰማይ ላይ የማይረሳ ዓይን ተከፈተ። ያ ዓይን በ1960ዎቹና በ2000ዎቹ ያያቸውን ሥዕሎች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የአቢጃታ ሐይቅ ወደ ግማሽ ገደማ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድለት ውሃ በላይኛው አገር ለመስኖ ተወሰደ፤ በደርግ ዘመን የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ቀዳ። የተረፈው ውሃ ጨውና ሶዳው በረታ፣ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ደሴት ጎጆ ሠርቶ ለአደን ወደ አቢጃታ ይበር የነበረው የፔሊካን መንጋም ቦታውን ለቆ ሄደ። ከሰማይ አይቶ እውነቱን ሳይውል ሳያድር የተናገረ ቢኖር ያ ወፍ ነው።

ከሐዋሳ በስተምሥራቅ የነበረው ጨለለቃም ምስክር ነው። በድሮ የአየር ፎቶግራፎች ላይ ሐይቅ ነበር፤ ኋላ ጭቃና ረግረግ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጃችን እያለ የአንድ ቀን ሥዕል ብቻ አውጥቶ «ምንም የለበትም» ማለት አለማወቅ ነው? ወይስ ማወቅን አለመፈለግ?

«ኢንቨስትመንቱ ይቁም ወይ? ወጣቱ ምን ይብላ?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን በሐሰት ሁለት መንገድ ብቻ አስቀምጦ አንዱን ምረጥ ይላል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የታነጸ ነው። ሥራውን በየጊዜው መመርመር የሚገባ ቢሆንም፣ ገና ከዕቅዱ ስለ ውሃው ማሰብ እንደሚቻል ያሳያል። ፋብሪካና ሐይቅ ጎን ለጎን መኖር የማይችሉት ከሁለቱ አንዱ ሳይቆጠር ሲቀር ነው። «ዓሣ አስጋሪውም ራሱ በጠባብ መረብ ጫጩቱን ይፈጃል» የሚሉም አሉ። ይህም ሐቅ ነው፤ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ስሙ ያልተመዘገበን ሰው በምን ትጠይቁታላችሁ? ካርታው ላይ «የለም» ያላችሁትን ሰው ጥፋት ሲገኝ ብቻ «አለ» ማለት ደግ ፍርድ አይሆንም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለን፤ ዓሣው በሕግ ሀብት ተብሏል። እንግዲያው ሀብቱ ያለበት ቦታ ይታወቅ። ማንኛውም የሐይቅ ዳርቻ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያው ሥዕሉን ይዞ ጀልባ ላይ ይውጣ። አስጋሪዎቹ የማጥመጃውንና የመራቢያውን ቦታ በእጃቸው ያሳዩት፣ ከሥዕሉ ላይም ይስፈር። የክረምቱና የበጋው፣ የድሮውና የዘንድሮው አብሮ ይታይ። ይህ ወጪው የአንድ ስብሰባ አበልን ያህል አይሆንም።

አሁን «ምን አገባህ?» ወዳለኝ ወዳጄ ልመለስ። ከፎንቆ ወደ ቆላው ሲወረድ በሻሾጎ ወረዳ ቦዮ የሚባል ሐይቅ አለ። የቢላቴ ገባሮች ይመግቡታል። በክረምት ተንጣሎ ማሳ ያጥለቀልቃል፤ በበጋ ይሸሽና ሣርና ጭቃ ይሆናል። ፋብሪካ ገና አልደረሰበትም። አንድ ቀን ግን አንዱ መብራት ያጠፋና በየካቲት የተነሳ የቦዮን ሥዕል ግድግዳ ላይ ያወጣል፤ በቀዩ ብርሃንም እየጠቆመ «እንደምታዩት ምንም የለበትም» ይላል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከመካከላችን አንድ ሰው እጁን ማውጣት አለበት።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቆም ግን የሐይቁን ዳርቻ በጠመኔው ጫፍ አላሰምርም። ጠመኔውን አጋድሜ፣ በወፍራሙ እስለዋለሁ።