ኮራሉ ሲከፋው መብራቱን አትጨምሩ

የባሕር ውኃ ገንዳ በቤቱ ያቆመ ሰው ኮራሉ ሲገረጣበት ወይም ተሰብስቦ አልከፈት ሲለው፣ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መብራቱ ነው። ትንሽ ይጨምርለታል፤ ለውጥ ካላየ በማግስቱ ይደግማል፤ ከዚያም አልፎ ጉልበቱ የበረታ ሌላ መብራት ይገዛል። ገበያውም ይህንኑ ያበረታታል። ለገንዳ ከሚገዙት ዕቃዎች ውድ ከሚባሉት አንዱ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ማስታወቂያው ስለ ዋቱና ስለ ቀለሙ ድምቀት ያወራል እንጂ ውኃው ኮራሉ አጠገብ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ብዙም አያነሳም። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው። የጨው መጠኑ፣ ሙቀቱና የካልሲየም ይዘቱ ተለክቶ ደህና ከሆነ፣ ቀጥሎ መታየት ያለበት የውኃው ፍሰት ነው። ብርሃኑ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ቀስ ተብሎ።

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ የጄሊፊሽ ዘመድ። የሞቃት ባሕር ኮራል ግን ለምግቡ በአብዛኛው የሚተማመነው በሥጋው ውስጥ በሚኖሩ፣ ዓይን በማያያቸው አልጌዎች ላይ ነው። አልጌዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ ስኳር ይሠራሉ፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ሊያቀርቡለት ይችላሉ። ስለዚህ ብርሃን የግድ መሆኑ አያከራክርም። ዳሩ ግን አልጌው ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን ጣራ አለው። ከጣራው ያለፈው ብርሃን ስኳር መሆኑ ይቀርና ሕዋስን የሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶችን ያፈራል። ጉዳቱ ሲበረታ ኮራሉ አልጌዎቹን ያጣል፤ ሥጋው እንደ መስታወት ይጠራና ነጩ አጽም ከሥር ይታያል። መንጣት የሚሉት ይህን ነው። እንግዲህ በብርሃን ብዛት የገረጣን ኮራል ብርሃን ያነሰው መስሎት መብራት የሚጨምርለት ባለቤት፣ ሕመሙን መድኃኒት ብሎ እየሰጠው ነው።

ፍሰት እዚህ ውስጥ ምን ያገባዋል የሚል ካለ፣ ነገሩ ኮራሉ ገላ ላይ ይጀምራል። በኮራሉ ገላ ላይ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ስስ የውኃ ንጣፍ ሁልጊዜ ተለጥፎ ይኖራል። ኮራሉ የሚፈልገው ካርቦን የሚገባው፣ አልጌው ቀን ቀን የሚያመርተው ትርፍ ኦክስጅንም የሚወጣው ይህን ንጣፍ አቋርጦ ነው። ውኃው ሲፈጥን ንጣፉ ይሳሳል፤ ውኃው ሲተኛ ይወፍራል። ታሊ ማስና ባልደረቦቿ በቀይ ባሕር፣ በኤላት፣ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ፍሰት የብርሃን አስተፃምሮን የሚያሳድገው በዋናነት ኦክስጅኑን ጠርጎ ስለሚያወጣ መሆኑን አሳይቷል፤ የታፈነው ኦክስጅን ራሱ ካርቦን የመያዙን ሥራ ያደናቅፋልና። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2001 ናካሙራና ቫን ዉሲክ በጃፓን ኦኪናዋ የሠሩት ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። አንድ ዓይነት ኮራሎችን በከፍተኛ ሙቀትና በብርቱ ብርሃን ሥር አኖሯቸው፤ ልዩነቱ የውኃው ፍጥነት ብቻ ነበር። ውኃው በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚንቀሳቀስበት ያሉት ነጡ፣ ብዙዎቹም ሞቱ፤ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር በሚፈጥንበት ያሉት ተረፉ። ብርሃኑ ያው፣ ሙቀቱ ያው፣ ዕጣቸው ግን ለየቅል። ከዚህ በኋላ ብርሃንን ከፍሰት ነጥሎ ማስተካከል ትክክል ነው የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ ያለበት እሱ ይመስለኛል።

በገንዳ ውስጥ ችግሩን የሚያከፋው ፍሰቱ ሳይታወቅ መድከሙ ነው። መብራት ቢደክም ዓይን ያየዋል፤ ፓምፕ ሲደክም ግን ድምፁም አይለወጥ ይሆናል። መዘውሩ ላይ ካልሲየም ይጋገራል፣ መግቢያው ላይ አልጌ ይበቅላል፣ ፓምፑ እየዞረ የሚገፋው ውኃ ከወር ወር ይቀንሳል። ኮራሉም ራሱ ባደገ ቁጥር ለራሱ ግድግዳ ይሆናል፤ አምና ውኃ እንደ ልቡ ያልፍበት የነበረው የቅርንጫፎቹ መሐል ዘንድሮ ይዘጋል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት የደቀቀ የዓሣ ምግብ ከኮራሉ በላይ ልቀቁና ተከታተሉት። ፍርፋሪው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ዳስሶ ካለፈ መልካም ነው። መሐል ገብቶ ከተኛ፣ ወይም ግንዱ ሥር ግራጫ ደለል ተጠራቅሞ ካገኛችሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሥጋ ታፍኗል። ብዙ ጊዜ መሞት የሚጀምረውም ከዚያው ነው። በሰዓት የገንዳውን መጠን ከ20 እስከ 40 እጥፍ ማንቀሳቀስ የሚለው የተለመደ ስሌት፣ ለምሳሌ በ400 ሊትር ገንዳ 12,000 ሊትር፣ ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ኮራሉ አጠገብ ምን እንደሚደርስ አይነግርም። ፍርፋሪው ይነግራል።

የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ስለ ፀሐይ ነው። በሐሩር ባሕር እኩለ ቀን ላይ በውኃው ወለል የሚያርፈው ብርሃን በካሬ ሜትር በሰከንድ 2,000 ማይክሮሞል ገደማ ነው፤ በቤት ገንዳ ለለስላሳ ኮራል ከ50 እስከ 150፣ ድንጋይ ለሚገነቡት ባለ ቅርንጫፎች ከ200 እስከ 350 ይበቃል ይባላል። ታዲያ ባሕሩ ይህን ያህል ከቻለ የእኛ መብራት ምን ይጎዳል ይላሉ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ያ ብርሃን የውኃው ወለል ላይ ያለው ነው፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይሳሳል፤ ጣራውን የሚነካውም በቀትር ሰዓታት ብቻ ነው፣ ደመናም ይጋርደዋል። ብዙ የቤት መብራት ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሳይነቃነቅ እኩል ያበራል። ዋናው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ በባሕር ላይ ብርሃን የሚበረታበት ጥልቀት ሞገድም የሚበረታበት ነው። ሞገዱ ጸጥ ብሎ፣ ውኃው ረግቶና ሞቆ፣ ፀሐዩ ብቻ ሲቀር ባሕሩም ኮራሉን አያድነውም። የከፋ መንጣት የሚታየው እንዲህ ባሉ ጸጥ ባሉ ሳምንታት ነው። በባሕሩ ብርሃን የሚከራከር ሰው የባሕሩንም ሞገድ አብሮ ማምጣት አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ኃይለኛ ፍሰትም ይገድላል የሚል ነው። እውነት ነው። እንደ ዩፊሊያ ያሉ ሥጋቸው ረጅምና ወፍራም የሆኑ ኮራሎች የፓምፕ ጎርፍ በአንድ ወገን ሲመታቸው ሥጋቸው በራሳቸው አጽም ስለት ላይ እየተፈገፈገ ይቀደዳል፤ በዚያ ወገን ያሉት ፖሊፖችም፣ ማለትም የኮራሉ ባለ ክንድ አፎች፣ አይከፈቱም። ይሁን እንጂ ይህ የሚወቅሰው የጎርፉን አቅጣጫ ነው። የፓምፑ አፍ ከኮራሉ ዞሮ ወደ መስታወቱ ቢተኩስ፣ ወይም ሁለት ፓምፖች ከሁለት ጫፍ በየተራ ቢሠሩ፣ ጎርፉ ተሰብሮ መልክ የሌለው ሞገድ ይሆናል። ረጃጅሞቹ ክንዶች ወደ አንድ ጎን ተጎትተው ከቀሩ ፍሰቱ ስህተት ነው፤ ሄደው ከተመለሱ ልክ ነው። ለለስላሳዎቹ ቀለል ያለ፣ ለባለ ቅርንጫፎቹ የበረታ ፍሰት እንዲደርስ በገንዳው ውስጥ ቦታ መርጦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሁሉን ኮራል በአንድ መደርደሪያ ደርድሮ አንድ ዓይነት ብርሃንና ፍሰት መስጠት ግን የማይስማሙ እንስሳትን ማስጨነቅ ነው።

ፍሰቱ ከተስተካከለ በኋላ ብርሃኑ ራሱ መነካት ካለበት፣ ፍጥነቱ የኮራሉ እንጂ የባለቤቱ መሆን የለበትም። ፋልኮውስኪና ዱቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 በኤላት ባሕረ ሰላጤ በሚኖር አንድ የኮራል ዝርያ ላይ እንዳሳዩት፣ ጥላ ሥር የሚያድገው አልጌ ብርሃን ለማጥመድ ብዙ ቀለም በውስጡ ያከማቻል፤ ኮራሉም ይጠቁራል። ደማቅ ብርሃን ላይ ያለው ደግሞ ቀለሙን ይቀንሳል። ይህ የውስጥ ለውጥ ሳምንታት ይፈልጋል። የቡና ችግኝ ከጥላ ወጥቶ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ እንደማይተከል፣ ከሱቅ የመጣ ኮራልም ዝቅ ባለ ቦታ፣ መብራቱ በግማሽ ኃይሉ ሆኖ ጀምሮ፣ በአራት ሳምንት ገደማ ወደ ቦታው ቢወጣ ይሻላል። እስከዚያ በብርሃን እጦት ይሞትብኛል ለሚል ስጋት መልሱ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ አለ። ብርሃን ያነሰው ኮራል ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል፣ ዕድገቱ ይዘገያል፣ ለማረም ጊዜ ይሰጣል። ብርሃን የበዛበት ግን በቀናት ውስጥ ነጥቶ ሊሞት ይችላል። ካልታወቀ ወደ ጥቂቱ ማድላት የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የባለጸጋ ጨዋታ ነው፣ ለጋዜጣ ገጽ አይመጥንም ሊል ይችላል። አልስማማም። ድንጋይ የሚገነቡ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቴስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡ፣ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ የዱር እንስሳት ናቸው፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ ከባሕር ተቆርጠው የሚመጡ ናቸው። በገንዳ የሞተው በሌላ ሲተካ ተተኪው የሚቆረጠው በሙቀት እየነጣ ካለው ያው ሪፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮራል ያላችሁ ሰዎች፣ በቴል አቪቭም ሁኑ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን፣ አዲስ መብራት ከማዘዛችሁ በፊት ፓምፑን ፈታችሁ በአቼቶ ዘፍዝፉት፣ አጽዱት፣ አቅጣጫውን ለውጡ፣ ምግቡን በትናችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ ሌላ ምንም ሳትነኩ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።