ቤት ሳይፈርስ ይታይ

በጥያ አካባቢ የመስቀል በዓል ሲቃረብ ቤት ማደስ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ የሚያስመሰግን ቢሆንም የጊዜው አመራረጥ ሊታሰብበት ይገባል። በነሐሴ የክዳን ሳር አልደረሰም፤ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ የገበሬውም ጉልበት በእርሻ ተይዟል። ስለዚህ እድሳቱ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ከመለቅለቅ አያልፍም።

የጎጆ ቤት ጉዳት አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። ምሰሶውና ቋሚው በቅድሚያ የሚበሰብሱት ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ እርጥበትና ምስጥ የሚያገኛቸው እዚያ ነውና። ክዳኑ ሲሳሳ ውሃው ወራጁን ያረጥባል፤ ቀጥሎም የግድግዳው ጭቃ ይረግፋል። ባለቤቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ እሳት የማይነድበት ቤት ጭስ ስለሚያጣ ተባይ ፈጥኖ ይደፍረዋል። ቆርቆሮም ቢሆን በምስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ይዝጋል።

ስለሆነም የቀበሌ መሪዎች በጥቅምት ወር፣ የክረምቱ ፍሳሽ ምልክት ሳይጠፋ፣ ቤቶችን እየዞሩ ማየትና በመጪው ክረምት የሚያሰጉትን መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ሳሩ ታጭዶ ሲደርቅ ለአረጋውያንና ለአቅመ ደካሞች ቅድሚያ በመስጠት ደቦውን በበጋ ማውጣት ይቻላል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጥያ ትክል ድንጋዮች እንኳ ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል፤ የሳርና የእንጨት ቤትማ ይበልጡን ክትትል ይሻል።