«ፈቅጃለሁ» የሚለው ቃል የማን ነው?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የሠርግ ወራት ሲቃረብ የማይመከርበት ነገር የለም። ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ጌሾው ወቀጣ፣ ስለ ዳሱና ስለ ሚዜዎቹ ይመከራል። እስኪ አንድ ነገር እንጠያየቅ፤ በዚህ ሁሉ ምክክር መካከል ሙሽራዪቱ ራሷ የተናገረችው ቃል የትኛው ነው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር በቆየው ልማድ ቃል የሚለዋወጡት አባቶች ናቸው። ሽማግሌ ይላካል፤ ቀን ይቆረጣል፤ ለሰማንያው ውል ዋስ ይጠራል። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ዝም ስትል «ጨዋ ናት» ትባላለች፤ ዝምታዋም እንደ ፈቃድ ይቆጠርባታል። «ዝምታ ለበግም አልበጃት» እያልን የምንተርተው እኛው፣ ለሴት ልጃችን ሲሆን ዝምታን ጌጥ እናደርግላታለን።

ሕጉ ግን ዝምታን አይቀበልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 25 በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን ሥርዓት ይዘረዝራል። ተጋቢዎች ሁለት ሁለት ምስክር ይዘው ይቀርባሉ። ሹሙ ቃላቸው የሚያስከትለውን ካስረዳቸው በኋላ፣ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር አለመኖሩን ከነምስክሮቻቸው በመሐላ ያረጋግጣሉ። ከዚያም እያንዳንዳቸው ለመጋባት መፍቀዳቸውን በግልጽ ተናግረው በመዝገቡ ላይ ይፈርማሉ። ሹሙ ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያስታውቀው ከዚህ በኋላ ነው።

በእንግሊዝ አገር ተጋቢዎች የሚናገሩት ቃል በሕግ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ ስለ ባልና ሚስት ግዴታ የተደነገጉት አንቀጾች በሥርዓቱ ላይ ይነበቡላቸዋል። የእኛ ሕግ በቃል የሚጠና ዐረፍተ ነገር አላዘዘም። ያዘዘው ቃሉ ከራሷ አፍ እንዲወጣ ነው። አባቷ ወይም ወንድሟ «ፈቅዳለች» ማለቱ አይበቃም።

የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79፣ የተጋቢዎችን ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን የጋብቻ መሠረት አድርጓል። ይህ በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል ለሚጋቡትም ይሠራል። ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ መዳር ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ይሁን እንጂ እኅቶቼ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሙሽራዪቱ በሹሙ ፊት ከቆመች በኋላ «አልፈቀድሁም» ለማለት የምትደፍር ስንቷ ናት? ስለዚህ ጥያቄው መቅደም ያለበት በየቤታችን፣ ለሽማግሌው መልስ ሳይሰጥ ነው። ያን ጊዜም «እሺ»ና «ፈቅጃለሁ» አንድ አለመሆናቸውን እናስተውል። «እሺ» የታዛዥ ልጅ ቃል ነው፤ ውኃ ቅጂ ስትባልም የምትለው ይህንኑ ነው። «ፈቅጃለሁ» ግን «አይሆንም» ለማለት ነጻነት ያላት ልጅ ቃል ነው።

በከተማ የምንኖር እናቶች ሌላም ኃላፊነት አለብን። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምትማር የዘመድ ልጅ፣ ወይም የምታግዘን ሠራተኛ፣ «ለጥምቀት ነይ» የሚል መልእክት ሲደርሳት ስንቅ አስይዘን ከመሸኘታችን በፊት ለብቻዋ እናነጋግራት። ለምን እንደተጠራች ታውቃለች? የሚጠብቃት ዓመት በዓል ነው ወይስ ሠርግ? ካልፈቀደች በጊዜ ከጎኗ እንቁም፤ ወላጆቿንም እናነጋግር፤ አስፈላጊ ሲሆን ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ወይም ለፖሊስ እናሳውቅ።

ልጅቱን አፍ ያስፈታናት እኛው እናቶች ነን። ታዲያ በሕይወቷ ትልቁን ቃል ስትናገርም የራሷ ቃል እንዲሆን እንርዳት።