ፏፏቴውን ወሰዳችሁት፤ መንገዱን ተዉልን

ስለ ጢስ ዓባይ ኢንተርኔት ላይ የሚያወራው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ፏፏቴው ሞቷል፣ ባትሄዱ ይሻላችኋል» ይላል። ሁለተኛው የድሮ ፎቶ ለጥፎ «400 ሜትር ስፋት! የሚጨሰው ውሃ!» እያለ ጉብኝት ይሸጣል። ኮሜንት ላይ ሲሰዳደቡ ስታዩአቸው ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፦ ውሃው ካለ ቦታው አለ፣ ውሃው ከሌለ ቦታው የለም። እኔ ደግሞ ጢስ ዓባይ ላይ ዛሬ ያለን ትልቁ ሀብት የእግር መንገዱ ነው እላለሁ። ውሃው ሲወሰድ አካባቢውን የጠየቀ አልነበረም። መንገዱም በዚያው ልማድ እንዳይሄድ ከአሁኑ መጮህ አለብን።

እስቲ መጀመሪያ ምን እንደተወሰደ በቁጥር እንነጋገር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዓባይ እዚያ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። በ1964 ጢስ ዓባይ አንድ የሚባለው ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖች የዞሩት በዚህ ኃይል ነው። ጣቢያው የሚጠልፈው ውሃ ትንሽ ስለነበር ፏፏቴውን ብዙም አልጎዳውም። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣው በበር ነው፤ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ ማለት ነው። በ2001 ጢስ ዓባይ ሁለት 73 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ በበጋ አብዛኛው ውሃ ገደሉን ትቶ በቦይ መሄድ ጀመረ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ተመረቀ። የበለስ ውሃ ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ተጠልፎ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይሄዳል። በጢስ ዓባይ በኩል ማለፍም አያስፈልገውም።

በዚያው ሰሞን የ1 ብር ኖት በሳንቲም ተተካ። የኖቱ ጀርባ ላይ የነበረው ሥዕል ጢስ ዓባይ ነበር። ፏፏቴው ከገደሉም ከኪሳችንም እኩል ወጣ ማለት ይቻላል።

ይህን የምለው «ለምን መብራት አመነጨን» ለማለት አይደለም። ኮድ ጽፌ የምበላ ሰው ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራዬም አብሮ ይጠፋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኢንጂነሪንግ ስንማር ሀብት ከመሬት እንዴት እንደሚወጣ ብዙ ተምረናል። ሀብቱ ከወጣ በኋላ ቦታውና ሰዉ ምን ይሁኑ የሚለውን ግን እንደ ሌላ ሰው ሥራ ነው የምናየው።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ የተማረው ከተዘጉ የማዕድን ቦታዎች ነው። ጀርመን፣ ኤሰን ከተማ የሚገኘው የዞልፈራይን የድንጋይ ከሰል ማውጫ በ1986 ተዘጋ፤ በ2001 የዓለም ቅርስ ሆነ። ዛሬ ሰዉ በድሮዎቹ ሐዲዶችና ሕንፃዎች መካከል በእግሩ ይዞራል። ጣሊያን ውስጥ በሰርዴኛ ደሴት ደግሞ የማዕድን ሠራተኞች ይመላለሱባቸው የነበሩ መንገዶች ተገጣጥመው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር ጉዞ መስመር ወጥቷቸዋል። መስመሩ የተሰየመው የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ በምትባለው በቅድስት ባርባራ ነው። እነዚህ ቦታዎች ጉድጓዱን አይደብቁም። መንገደኛው የሚመጣው ምን እንደወጣና ማን እንደለፋ ለማየት ጭምር ነው።

ጢስ ዓባይ የኛ ማዕድን ማውጫ ነው። የወጣው ወርቅ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ሀብቱ ወጣ፣ ሌላ ቦታ ጥቅም ሰጠ፣ ጉድጓዱ ለአካባቢው ሰው ቀረ። እኛ ግን ጉድጓዱን በድሮ ፎቶ ሸፍነን እንሸጣለን። ከዚያ ጎብኚው በየካቲት መጥቶ ቀጭን ውሃ ሲያይ ይናደዳል። የሚናደደውም ፎቶውን በለጠፈው ሰው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለው አስጎብኚ ወይም ቡና ባፈላችለት እናት ላይ ነው።

መንገዱን ግን እዩት። ከጢስ ዓባይ ከተማ ተነስታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ይጠብቃችኋል። ሰዉ የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል። ይህ ድልድይ ለጎብኚ የቆመ ሐውልት አይደለም፤ ገበሬው ዛሬም አህያውን ይዞ ይሻገርበታል። ከድልድዩ ወዲያ ኮረብታውን ሽቅብ ትወጣላችሁ። በቤቶችና በማሳዎች መካከል ታልፋላችሁ፤ ልጆች ሻሽና ቅል ይዘው ይከተሏችኋል። ከዚያ በድንገት ገደሉ ፊት ለፊታችሁ ይገለጣል። ወረድ ስትሉ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ አለ፤ መመለሻችሁን በጀልባ ማድረግም ትችላላችሁ። በአንድ አጭር የእግር ጉዞ ውስጥ የነገሥታት ዘመን ድልድይ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ኃይል ማመንጫ፣ የዛሬ ገበሬ ማሳ እና አንድ ትልቅ ጥያቄ አሉ። ጥያቄው ገደሉ ራሱ ነው። ይህን የመሰለ መንገድ ያለው አገር «ፏፏቴው ደርቋል፣ በቃ» ብሎ ሲቀመጥ ያሳፍራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባለሥልጣን ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ አስፋልት እስከ ጫፍ፣ ጫፉ ላይ ሎጅ። እኔ ሎጅ አልጠላም። ግን መኪና ጫፍ ድረስ ከገባ በመንገዱ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ከጨዋታው ይወጣል። ቡና የምታፈላው፣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ ቅል የሚሸጠው ልጅ የሚኖሩት ጎብኚው በእግሩ ስለሚያልፍ ነው። በመኪና የመጣ ሰው ፎቶውን አንስቶ ለምሳ ባሕር ዳር ይመለሳል።

ሌላ አሠራር እንደሚቻል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ላሊበላ አጠገብ በመቄት የገበሬ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ጎጆዎች ሠርተው እንግዳውን ከመንደር መንደር በእግር ይቀባበላሉ፤ ጓዙን አህያ ይሸከማል፣ ገቢው ለማኅበረሰቡ ይደርሳል። ከጣና ዳርም ዘጌ አለ። እዚያ የቡናው ደን እስከ ዛሬ የቆየው ማረስና ከብት ማርባት የሚከለክል የቆየ ደንብ ስላለ ነው። ደኑን ያቆመው አጥር አይደለም፣ ደንብ ነው። የጢስ ዓባይ መንገድም የሚያስፈልገው ከሲሚንቶ በፊት ደንብ ነው።

የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የውሃው ሰሌዳ ይፋ ይሁን። ዛሬ «ፏፏቴው መቼ ነው ውሃ የሚኖረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አስጎብኚው አንድ ቀን ይነግራችኋል፣ የባጃጁ ሹፌር ሌላ፣ ሆቴሉ ሌላ። በሩን የሚከፍተው ተቋም ግን መቼ እንደሚከፍት ያውቃል። ይህን በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰርቨር አይፈልግም፣ አፕ አይፈልግም። እውነቱን የሚያውቅ ጎብኚ አይናደድም፤ ወይ በነሐሴና በመስከረም ይመጣል፣ ወይ በበጋ ለመንገዱ ብሎ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ፏፏቴው የውሃ ድርሻ ይኑረው። «ውሃው ለአገር ብርሃን ያስፈልጋል» የሚለውን ክርክር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት ሕዳሴ ግድብ በኋላ እንደገና ማየት አለብን። ከፏፏቴው የሚወርደው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ሕዳሴ። በበለስ በኩል የሚሄደውስ? ከመስኖ የተረፈው እሱም ወደ ሕዳሴ። ስለዚህ ለፏፏቴው የሚለቀቅ ውሃ ከአገር አይጠፋም። የሚቀርብን የበለስ ተርባይን በነዚያ ሰዓታት የሚያመነጨው ነው። እሱም ዋጋ አለው፣ አልክድም። ግን ዋጋውን አስሉና በአደባባይ አሳዩን፤ ከዚያ እንከራከር።

ሦስተኛ፣ የትኬቱ ገንዘብ ይታይ። ጎብኚ የከፈለው ስንት እንደሆነና ለጢስ ዓባይ ነዋሪ ስንቱ እንደደረሰ በየዓመቱ ቲኬት ቢሮው በር ላይ ይለጠፍ። አንዲት ወረቀት ናት።

አራተኛ፣ መንገዱ የሕዝብ መንገድ ተብሎ በካርታ ይመዝገብ። ከድልድዩ እስከ ገደሉ ያለው የእግር መንገድ ለማንም ባለሀብት ታጥሮ እንደማይሰጥ፣ ማሳው የሚነካበት ገበሬም ካሣ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይቀመጥ። እዚህ ላይ እኛ ኮድ ጸሐፊዎቹም ሰበብ የለንም። ኦፕን ስትሪት ማፕ ለማንም ክፍት ነው፤ የመንገዱን እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ ምንጭና ጥላ ዛፍ ማስገባት እንችላለን። በካርታ ላይ የሌለ መንገድን ማጠር ቀላል ነው።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ጊዜ ስለ እግር ጉዞ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ያለበትን ሁኔታ ለማንም አልነግርም። ዛሬ ብዙ ሰው መንገድ የሚወጣው ለመዝናናት አይደለም፤ ጫማችሁን አስራችሁ ውጡ የምልም አይደለሁም። ግን ከላይ የዘረዘርኳቸው ነገሮች በአብዛኛው የጠረጴዛ ሥራ ናቸው፦ ሰሌዳ፣ ሒሳብ፣ ደንብ፣ ካርታ። ሰላም ሲመጣ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ጥናቱን የጨረሰ፣ ብሩን ያዘጋጀ፣ አጥሩን በልቡ የሳለ ሰው ነው የሚቀድመው። የጢስ ዓባይ ገበሬ ያን ቀን በእጁ አንድ ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

ፏፏቴው ሲወሰድ «ለልማት ነው» ተባልን፤ ልማቱም መጣ፣ መብራቱም በራ። ከጭሱ አጠገብ የሚኖረው ሰው ግን ድርሻው ስንት እንደሆነ የነገረው የለም። መንገዱ ላይ ይህ እንዳይደገም የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። በሩ የሚከፈትበት ቀን ይነገረን፣ የገባው ብር ይታየን፣ መንገዱም የእግረኛና የአህያ ሆኖ ይቆይ።